የመመለስ ሐሳብ፦ ከንብ ቀፎ እስከ ቆንስል መስኮት

በእኛ ዘንድ «መመለስ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበረው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል በእግሩ የወጣው፣ ለትምህርት ሄዶ በዚያው የቀረው፣ ኋላም የዲቪ ዕጣ ደርሶት ሻንጣውን የሸከፈው፣ ሁሉም «መቼ ነው የምትመለሰው?» ሲባል «ወዴት?» ብሎ የጠየቀ የለም። መመለስ ማለት ወደ አገር ቤት መምጣት ነው። እናት ስለት የምትሳለው ለዚሁ ነው፤ ወንድም ቦታ አስመርቶ የሚጠብቀውም ለዚሁ ነው።

በቅርቡ ግን ይህ ቃል ፊቱን አዙሮ አገኘሁት። አንድ ወዳጄ አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሮ ዜግነቱን ካገኘ በኋላ አዲስ አበባ ተመልሶ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ድርጅት ከፍቷል። እዚሁ አገባ፤ ሴት ልጅም ወለደ። አሁን ባልና ሚስቱ ተማክረው ልጃቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቆረጡ። እሱ ለሚስቱ ዋስ ሆኖ የኢሚግሬሽን ጉዳይዋን ጀመረ። ቤቱ ስሄድ የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተሞልቶ አገኘሁት። ማስረጃ የተጠየቀችው ሚስቲቱ መስላኝ ነበር። ለካስ የተጠየቀው እሱ ኖሯል።

«ከዚያ ስመጣ ሰፈሩ ሁሉ ‹ተመላሽ› ይለኝ ነበር» አለኝ እየሳቀ። «አሁን ደግሞ ወደዚያ ተመላሽ መሆንህን አስመስክር ተባልሁ።»

ነገሩ ቀልድ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት ለትዳር ጓደኛው ዋስ የሚሆን ሰው ዋና መኖሪያው አሜሪካ መሆን አለበት። በውጭ አገር የሚኖር ዜጋ ከሆነ ደግሞ ሚስቱ ወይም ባሏ አሜሪካ ከሚገቡበት ቀን በፊት፣ ወይም በዚያው ቀን፣ እሱም መኖሪያውን እዚያ እንደሚያደርግ ማሳመን ይኖርበታል። ይህን ማሳመን ካልቻለ ጋብቻው እውነተኛ ቢሆንም፣ ገንዘቡ ቢትረፈረፍም ጉዳዩ አይራመድም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አንድ መንግሥት የሰውን «የመመለስ ሐሳብ» በምን ያውቃል? ሐሳብ ልብ ውስጥ ነው። ወደ ልብ ውስጥ የሚያይ መነጽር ደግሞ እስካሁን አልተሠራም። ይህ ጥያቄ ትናንት የመጣ አይደለም፤ ረዥም ታሪክ አለው። በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚጠቀሱት የውጭ አገር ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

ንብና እርግብ

ነገሩ የሚጀምረው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከንብ ነው። ጋይዩስ የተባለው የሮማ የሕግ ሊቅ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት ለሕግ ተማሪዎች በጻፈው መጽሐፍ ስለ ንብረት ሲያስተምር አንድ ችግር ያነሳል። የቤት ከብት የባለቤቱ ነው፤ የዱር አውሬ የያዘው ሰው ነው። ታዲያ ከቀፎ ወጥታ የምትበር ንብ፣ ከጣራ ተነሥታ የምትሄድ እርግብ የማን ናት? መልሱ፣ የመመለስ ሐሳብ እስካላት ድረስ የባለቤቷ ናት፤ ያ ሐሳብ ከጠፋ ግን ያገኛት ሰው ይወስዳታል የሚል ነው። ሮማውያን ይህን «አኒሙስ ሬቨርቴንዲ» አሉት፤ የመመለስ ልብ ማለት ነው።

የንብን ልብ ማን ያውቃል? ጋይዩስ ለዚህም መልስ አላጣም። የመመለስ ልማዷን ስትተው፣ ያኔ ሐሳቧንም እንደተወች ይቆጠራል አለ። ልብ በሉ! ሕጉ ስለ ልብ ተናገረ እንጂ ልብን አልመረመረም። የመረመረው የሚታየውን ነው፤ ወጣች፣ ገባች፣ ቀረች።

ስለ ሰው ቤትም ሮማውያን ያስቀመጡት ሐሳብ ዛሬ ድረስ ይሠራል። በስድስተኛው ምዕተ ዓመት በንጉሠ ነገሥት ዩስቲኒያኖስ ትእዛዝ በተሰበሰበው ሕግ ውስጥ የሰው መኖሪያ ቤተሰቡንና አብዛኛውን ሀብቱን ያኖረበት፣ ከዚያ ሲለይ መንገደኛ የሚባልበት፣ ሲመለስም መንገዱ የሚያበቃበት ስፍራ ነው ተብሎ ተተርጉሟል። ይህ ሐሳብ በአውሮፓ ሕግ በኩል ዞሮ እኛም ዘንድ ደርሷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 183 የአንድን ሰው ዋና መኖሪያ ሲተረጉም ለዘለቄታው ለመኖር በማሰብ የሥራውንና የጥቅሙን ዋና ማዕከል ያደረገበት ስፍራ ነው ይላል። እዚህም ሁለት ነገሮች ተጣምረዋል፤ የሚታይ ማዕከልና የማይታይ ሐሳብ። የሕግ ራስ ምታት ሁሉ የሚመጣው ከሁለተኛው ነው።

ሚስት ወይም አንድ ሺህ ዶላር

የመመለስ ሐሳብ ከንብረት ሕግ ወጥቶ በወደብ ላይ የሰው ዕድል መወሰኛ ሲሆን ካየንባቸው ቦታዎች አንዱ ሳንፍራንሲስኮ ነው። አሜሪካ በ1882 የቻይና ሠራተኞች እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ አወጣች። ቀድመው የገቡት ግን ነበሩ፤ የባቡር ሐዲድ የዘረጉ፣ ወርቅ የቆፈሩ፣ ልብስ የሚያጥቡ። ከእነዚህ አንዱ ወላጆቹን ለመጠየቅ ወደ ቻይና ቢሄድና ቢመለስስ? ለዚህ ሲባል ሠራተኛው ከመሄዱ በፊት ከጉምሩክ ሹም የመመለሻ ወረቀት እንዲወስድ ተደነገገ። በ1884 ደግሞ ሕጉ ተጠናክሮ ከዚህ ወረቀት በስተቀር ሌላ ማስረጃ እንዳይታይ ተወሰነ። የመመለስ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በኪስ የሚያዝ ወረቀት ሆነ ማለት ይቻላል።

ቻይ ቻን ፒንግ የተባለ ሠራተኛ ከ1875 ጀምሮ ሳንፍራንሲስኮ ኖሯል። በ1887 ወደ ቻይና ሲሄድ በሕጉ መሠረት ወረቀቱን ወስዶ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መስከረም ላይ ከሆንግ ኮንግ በመርከብ ተሳፍሮ ተመለሰ። ነገር ግን እሱ ባሕር ላይ ሳለ፣ ኦክቶበር 1 ቀን 1888፣ ኮንግሬስ ያወጣው አዲስ ሕግ ተፈረመ። ሕጉ ያን የመመለሻ ወረቀት በሙሉ ዋጋ አሳጣው። ያን ጊዜ ወደ 20,000 የሚጠጉ ወረቀቶች በሰዎች እጅ ላይ እንደነበሩ ይነገራል። ሰውዬው ከሳምንት በኋላ ወደብ ደረሰ። ወረቀቱን አሳየ። አትገባም ተባለ። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1889 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ በመንግሥት በኩል ቆሙ። መመለሻ ወረቀቱ መንግሥት በፈቀደ ጊዜ የሚሰጠው፣ ባልፈቀደ ጊዜ የሚነሣው ችሮታ ነው አሉ።

የዚህ ሰው የመመለስ ሐሳብ ከማንም የበለጠ የተረጋገጠ ነበር። ለመመለስ ያሰበ ብቻ አይደለም፤ ተመልሷል! መርከቡ ከወደቡ ቆሟል። የጎደለው ሐሳብ ሳይሆን ሐሳቡን የሚቀበል ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ በ1894 አሜሪካና ቻይና አዲስ ውል ተፈራረሙ። በዚህ ውል አንድ የቻይና ሠራተኛ ወጥቶ መመለስ የሚችለው አሜሪካ ውስጥ ሕጋዊ ሚስት፣ ልጅ ወይም ወላጅ ካለው፣ አለዚያም የ1,000 ዶላር ንብረት ወይም የዚያኑ ያህል የሚሰበስበው ዕዳ ካለው ነው። ይህንንም ከመሄዱ በፊት በዝርዝር ጽፎ ለጉምሩክ ሹም ማስገባትና በመሠረቱ በአንድ ዓመት ውስጥ መመለስ ነበረበት።

እነሆ ሚዛኑ! በአንድ በኩል ሚስት፣ በሌላ በኩል አንድ ሺህ ዶላር። ሕጉ ሰው ወደሚወደው ወይም ወዳለው ይመለሳል የሚል እምነት ነው የያዘው። እምነቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ግፉ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ፍርድ ቤቶች የሠራተኛን ሚስት እንደ ራሱ እንደ ሠራተኛው ቆጥረው መግባት ከልክለዋት ነበር። አብዛኛው ሰው ሚስቱን ቻይና ትቶ ነው የመጣው። ስለዚህ «ሚስትህ እዚህ ካለች ትመለሳለህ» የሚለው ሕግና «ሚስትህ እዚህ አትመጣም» የሚለው ሕግ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

ለዜጋውም ቢሆን የተሻለ አልነበረም። በ1924 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከተፈረመ በኋላ፣ በ1925 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ቻይናዊት ሚስቱን ማስገባት አይችልም ሲል ወሰነ። በዚያው ቀን በሌላ ፋይል የቻይናዊ ነጋዴ ሚስት ግን ትገባለች ብሎ ፈረደ፤ ነጋዴውን የሚጠብቀው የንግድ ውል ነበርና። ዜጋው ከእንግዳው አነሰ። ይህ ክልከላ በ1930 በከፊል ላላ፤ የቻይናውያን ሚስቶች እንደ ሌሎች ዜጎች ሚስቶች ከኮታ ውጭ ሊገቡ የቻሉት ግን በ1946 ነው።

ቆንስሉ ዳኛ ሲሆን

እስካሁን ያየነው በወደብ ላይ የቆመውን እንግዳ ነው። ጥያቄው ዞሮ ዜጋውን የያዘው በ1907 ነው። በዚያ ዓመት ማርች 2 ቀን የወጣው የአሜሪካ ሕግ ጎን ለጎን ሁለት አንቀጾችን ይዟል፤ ሁለቱም ለዛሬው ነገራችን ቅድመ አያት ናቸው።

አንደኛው አንቀጽ በትውልድ ሳይሆን በማመልከት ዜጋ የሆነውን ሰው ይመለከታል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ትውልድ አገሩ ሄዶ ሁለት ዓመት ከኖረ፣ ወይም በሌላ አገር አምስት ዓመት ከኖረ፣ አሜሪካዊነቱን እንደተወ ይገመታል ይላል። ግምቱን ማፍረስ የሚቻለው ለዲፕሎማት ወይም ለቆንስል አጥጋቢ ማስረጃ በማቅረብ ነው። ማስረጃው ምን ይሁን? መሥሪያ ቤቱ ባወጣው መመሪያ መሠረት ሰውዬው ውጭ የቆየው ለአሜሪካ ንግድ፣ ለጤናው ወይም ለትምህርቱ መሆኑን፣ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ተመልሶ ለመኖር ማሰቡን ማስረዳት ነበረበት። ቆንስሉ በጠረጴዛ ዙሪያ የልብ ዳኛ ሆኖ የተሾመው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ነው። የውጭ ዜጋ ያገባች አሜሪካዊት የባሏን ዜግነት ትይዛለች ይላል። ጋብቻው በሞት ወይም በፍቺ ሲያበቃ ውጭ አገር ያለችው ሴት በአንድ ዓመት ውስጥ ቆንስል ዘንድ በመመዝገብ፣ ወይም ለመኖር ወደ አሜሪካ በመመለስ ዜግነቷን መልሳ ልታገኝ ትችላለች።

ኤቴል ማኬንዚ የተባለች ሴት ይህን ሕግ ተጋፈጠች። ካሊፎርኒያ ተወልዳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ካሊፎርኒያ የኖረች ናት። በ1909 የእንግሊዝ ተገዥ የሆነ ሰው አገባች። በ1911 የካሊፎርኒያ ሴቶች የመምረጥ መብት ሲያገኙ እሷም ለመመዝገብ ሄደች። አንቺ አሜሪካዊት አይደለሽም ተባለች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1915 ሕጉን አጸናው። ወዶ የተፈጸመ ጋብቻ ወዶ ዜግነትን እንደ መተው ነው አለ። አንድ ቀን እንኳ ከአገሯ ወጥታ ያልኖረችውን ሴት ሕጉ በወረቀት አስወጣት። ወዴት ትመለስ?

በ1922 የወጣው ሕግ ይህን ድንጋጌ አነሣ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልነበረም። የውጭ ዜጋ አግብታ በባሏ አገር ሁለት ዓመት ወይም በሌላ አገር አምስት ዓመት የኖረች ሴት ያው የ1907ቱ ግምት ይወድቅባት ነበር። ያም የተነሣው በ1930 ነው። በዘር ምክንያት ዜጋ መሆን የማይፈቀድለትን ሰው ያገባችው ደግሞ እስከ 1931 ድረስ ዜግነቷን ታጣ ነበር።

ከኮሎኝ የመጣው ፋይል

በትውልድ አገሩ የሚኖር ዜጋ የተጠረጠረበት ሕግ ግን መልኩን እየለወጠ ቀጠለ። በ1952 የወጣው ዋናው የኢሚግሬሽንና የዜግነት ሕግ ዜግነት በማመልከት ያገኘ ሰው በትውልድ አገሩ ሦስት ዓመት ከኖረ ዜግነቱን ያጣል አለ።

አንጌሊካ ሽናይደር ጀርመን ተወልዳ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር አሜሪካ ገባች። በ16 ዓመቷ በእናቷ በኩል ዜጋ ሆነች፤ ኮሌጅም እዚያው ጨረሰች። ለከፍተኛ ትምህርት አውሮፓ ሄዳ ጀርመናዊ አገባች፤ ከ1956 ጀምሮ ከባሏ ጋር ኮሎኝ ከተማ ኖረች። በ1959 ፓስፖርት ስትጠይቅ ዜግነትሽ ቀርቷል ተባለች። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1964 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሕጉን ሻረው። የፍርዱ ፍሬ ነገር፣ በማመልከት ዜጋ የሆነው ሰው ታማኝነቱ ከተወላጁ ያነሰ ነው ብሎ መገመት አይፈቀድም፤ ሰው ለቤተሰቡ፣ ለሥራው፣ ለሌላም በቂ ምክንያት በውጭ አገር ሊኖር ይችላል፤ ይህ ብቻውን አገሩን መካዱን አያሳይም የሚል ነበር።

ይህ ፍርድ ለእኛም ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ አሜሪካዊ ዜግነት ይዞ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ውስጥ ዓመታት የሚኖረው የአገራችን ተወላጅ «ትውልድ አገርህ ተቀመጥህ» ተብሎ ፓስፖርቱን የማይነጠቀው በዚህች ሴት ክርክር የተነሣ ነው ማለት ይቻላል። ግሪን ካርድ ብቻ የያዘው ግን በዚህ ጥላ ሥር አልገባም። እሱ ከአሜሪካ ሲወጣ ጉዞው ጊዜያዊ መሆኑን አሁንም ማስረዳት አለበት፤ ውጭ ብዙ ከቆየ ነዋሪነቱን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል።

ሕጉ የሚፈልገው ተከሳሽ ነው

እንግዲህ የዜጋው ፓስፖርት ከዳነ፣ የመመለስ ሐሳብ ጥያቄ በጓሮ በር እንዴት ተመልሶ ገባ? በሚስት በኩል፣ በትክክል ለመናገር ደግሞ በገንዘብ በኩል ነው።

አሜሪካ ከ1882 ጀምሮ በመንግሥት ትከሻ ላይ ይወድቃል ብላ የምትፈራውን ሰው አላስገባም ስትል ኖራለች። በኋላ ዘመን ዘመድ «እኔ አለሁ» ብሎ የድጋፍ ቃል በጽሑፍ ይሰጥ ጀመር። ይህ ቃል ግን ጥርስ አልነበረውም። ጉዳዩን ያዩ የተለያዩ ፍርድ ቤቶች የሞራል እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም ብለው ነበር። በ1996 ኮንግሬስ የመንግሥት እርዳታን ሲቆርጥ ይህንንም አብሮ አነሣው። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1996 የተፈረመው ሕግ ዋሱ በፍርድ ቤት ሊከሰስበት የሚችል ውል እንዲፈርም አደረገ። አዲሱ ቅጽ ከዲሴምበር 19 ቀን 1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ዋሱ ገቢው በየዓመቱ ከሚወጣው የድህነት መመሪያ ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት። ዋስትናው የሚያበቃው ሚስቲቱ ዜጋ ስትሆን፣ ወደ አሥር ዓመት ገደማ የሚሆን የሥራ ጊዜ ሲመዘገብላት፣ አገሩን ጨርሳ ለቃ ስትሄድ ወይም ከሁለት አንዳቸው ሲሞቱ ነው። ፍቺ እንኳ አያፈርሰውም።

የዋና መኖሪያው ጥያቄ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። ውል የፈረመ ዋስ ሊከሰስ የሚችለው በተገኘበት ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠን ሰው የአሜሪካ ፍርድ ቤት መጥሪያ አያገኘውም፤ ደመወዙንም ሊይዝበት አይችልም። ስለዚህ ሕጉ «ትመለሳለህ ወይ?» ሲል ስለ ናፍቆትህ፣ ስለ ፍቅርህ፣ ስለ አገር ስሜትህ እየጠየቀ አይደለም። በኋላ ስፈልግህ አገኝሃለሁ ወይ ማለቱ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሀብታም አጎት በተጨማሪ ዋስነት ቢቀርብ የገቢን ጉድለት ሊሞላ ይችላል እንጂ የዋናውን ዋስ የመኖሪያ ጉድለት አይሞላም።

ማስረጃውስ? በአሜሪካ መንግሥት ሥራ፣ በአሜሪካ ኩባንያ፣ አሜሪካ አባል በሆነችበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ወይም በሃይማኖት አገልግሎት ለጊዜው ውጭ የተቀመጠ ሰው መኖሪያው እንዳልተቋረጠ ማስረዳት ይቀለዋል። እንደ ወዳጄ ያለው በገዛ ፈቃዱ የወጣ ሰው ግን ተጨባጭ እርምጃ ማሳየት አለበት። በአሜሪካ ባንክ ሒሳብ መክፈትና ገንዘብ ማዛወር፣ ሥራ ማመልከት፣ ቤት መከራየት ወይም ከዘመድ ጋር ለመኖር መስማማትን ማሳየት፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማስመዝገብ፣ በምርጫ መሳተፍ። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ «እመለሳለሁ» የሚል ደብዳቤም ለብቻው ሩቅ አይወስድም።

ሁለቱ መስኮቶች

እዚህ ላይ አዲስ አበባ የሚኖር አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ይህን የማስረጃ ዝርዝር ያውቀዋልና። ለጉብኝት ቪዛ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ የሚያዘጋጀው ይህንኑ ነው፤ የባንክ ደብተር፣ የቤት ካርታ፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀት። ያው የ1952ቱ ሕግ ለጉብኝት የሚመጣውን ሰው ሁሉ፣ ሌላ እስኪያስረዳ ድረስ፣ ሊቀር ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ በአንዱ መስኮት እናት የልጅ ልጇን ለማየት ፈልጋ «ወደ ኢትዮጵያ እመለሳለሁ» እያለች ታስረዳለች። በሌላው መስኮት ልጇ «ወደ አሜሪካ እመለሳለሁ» እያለ ያስረዳል። ወረቀቱ አንድ ዓይነት ነው፤ አቅጣጫው ብቻ ተቃራኒ ነው።

ይህ ሰው በትውልድ አገሩም ቢሆን ቦታው የተደላደለ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ያጣል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው፣ ሕዝቡ ቢጫ ካርድ የሚለው መታወቂያ፣ ያለ ቪዛ ገብቶ የመኖርና የመሥራት መብት ይሰጠዋል፤ ዜጋ ግን አያደርገውም። በአንድ አገር ሕግ እንግዳ ነው፤ በሌላው አገር ሕግ ዜጋ ሆኖ ሳለ የለህም ተብሏል። የአንድ ሰው ሁለት ቤት መኖሩ ሀብት የሚመስለን ብዙዎች ነን። ሁለት ቤት ያለው ሰው ሁለት ጊዜ ምስክር እንደሚቆጠርበት ግን አናስብም።

ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የጊዜው ቅደም ተከተል ነው። ሐሳብ የሚመሰከረው በእርምጃ ነው፤ እርምጃው ግን ውሳኔው ሳይታወቅ ይፈለጋል። ወዳጄ ድርጅቱን ቢሸጥና ሚስቱ ቪዛውን ብትከለከል ምን ይሆናል? ባይሸጥ ደግሞ «እዚህ ሥር ሰደሃል» ይባላል። አንዳንዱ ባል ቀድሞ ብቻውን ይሄዳል፤ ሥራ ይዞ፣ ቤት ተከራይቶ ሚስቱን ይጠብቃል። ሕጉ የግድ ተለያዩ አይልም። ከዚህ የበለጠ ጠንካራ ማስረጃ ግን ማግኘት ያስቸግራል። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብን ለማገናኘት የተጠየቀው ማስረጃ ለወራት ቤተሰብን የሚለያይ ይሆናል።

ይህን ሁሉ ስል ሕጉ ምክንያት የለውም ማለቴ አይደለም። ዋስ ሆኖ ፈርሞ የሚጠፋ ሰው አለ። ወረቀት አሳምሮ ፈጽሞ የማይመለስም አለ። በሚታይ ነገር መፍረድ ደግሞ ከሮማ ጀምሮ የሕግ ዕጣ ነው፤ ሌላ ምን ያድርግ? በዛሬው ሕግና በ1888ቱ መካከል ያለውን ልዩነትም መካድ አይገባም። ዛሬ ጥያቄው ለጥቁሩም ለነጩም፣ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው፤ የጎደለ ማስረጃም ኋላ ሊሟላ ይችላል። ቻይ ቻን ፒንግ ይህን ዕድል አላገኘም።

ታሪኩ የሚያስተምረው ግን አንድ ነገር አለ። መንግሥት የወረቀት መጉደልን የልብ መጉደል አድርጎ በቆጠረ ቁጥር ተሳስቷል። መርከቡ ወደብ የደረሰውን ሰው «አትመለስም» ብሏል። ከአገሯ ያልወጣችውን ሴት «ወጥተሻል» ብሏል። ኮሎኝ ከባሏ ጋር የተቀመጠችውን «ክደሻል» ሊል ሞክሯል። በእያንዳንዱ ጊዜ ስሕተቱ የታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የባከነውን ዕድሜ የመለሰ ግን የለም። ስለዚህ በመስኮቱ ወዲያ ያለው ሰው ወረቀቱን ሲቆጥር ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው። በመስኮቱ ወዲህ ያለውም ቢሆን ያላሰበውን መመለስ በወረቀት አስመስሎ ባያቀርብ ይሻለዋል፤ የፈረመው ውል ከፍቺ በላይ ዕድሜ አለውና።

የወዳጄ ፋይል በመጨረሻ ተሟላ። የባንክ ሒሳቡ አለ። የሥራ ማመልከቻዎቹ ቅጂ አለ። አብረውት እንዲኖሩ የተስማማው የአክስቱ ልጅ ደብዳቤ አለ። ልጅቷን ለመመዝገብ ከአንድ የሕዝብ ትምህርት ቤት ጋር የተጻጻፉትም አለ። ሚስቱ ወረቀቶቹን በተራ በተራ እያስተካከለች «በእውነት ግን ትፈልጋለህ?» ብላ ጠየቀችው። ይህ ጥያቄ በቅጹ ላይ የለም። እሱም ቶሎ አልመለሰላትም።

በዚህ መካከል ቡና ይዘው የገቡት እናቱ ወረቀቱን ሁሉ አይተው ተከዙ። «እንግዲህ ልትሄዱ ነው» አሉ። «መቼ ነው ታዲያ የምትመለሱት?»

ወዳጄ ቀና ብሎ እናቱን አያቸውና ከልቡ ግራ ገብቶት ጠየቀ።

«ወዴት እማዬ?»